ይስማው የላጠው ድንች

ባለፈው ሳምንት ዳንግላ ላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ከሾፌሩ ጀርባ ሁለት ሥዕሎች ተለጥፈውበታል፤ አንዱ ጭምብል ያጠለቀ ጀግና፣ ሌላው ጥርሱን የሚያፋጭ ግዙፍ ሰው። ዓይኔ እዚያ ላይ መቅረቱን ሾፌሩ በመስታወቱ አየ።

«ያውቋቸዋል እንዴ ጋሼ?»

«መጥፎው የትኛው ነው?» አልኩት።

«ኧረ ፊቱ ይናገራል እኮ!» ብሎ ሳቀብኝ።

የድንች ጣዕም አፌን ሞላው።

በደርግ ዘመን ነው፣ የዛሬዋን እንጅባራ ኮሶበር በምንልበት ጊዜ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም የምጽፍ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ። የጎረቤታችን ልጅ ይስማው ከጎኔ አይለይም። እናቴ ድንች ስትቀቅል እሱ ትኩሱን ልጦ፣ ጨውና በርበሬ አስነክቶ፣ ለራሱ ሳይቀምስ ያጎርሰኝ ነበር። «የባለቅኔ ጣት ብዕር እንጂ ትኩስ አይችልም» እያለ ይቀልድብኛል።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር ደሳለኝ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ከቀርከሃ አጥር ጀርባ ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። ከእሱ በፊት ያስተምር የነበረው አሜሪካዊ ሲሄድ አንድ ባለ ሥዕል መጽሔት ትቶለታል። የኮሶበር እርጥበት ወረቀት ይበላልና በወፍራም ቀርከሃ ውስጥ ጠቅልሎ፣ አፉን በጨርቅ ወትፎ፣ ከጣሪያው ሥር ይሰቅለዋል። እሑድ እሑድ ያወርድና እየተረጎመ ያነብልናል። «ከዚህ ቤት አይውጣ» ይለን ነበር፤ ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ያሳስራል።

የመጽሔቱ ጀግና፣ ጭምብል ያጠለቀው፣ መብረቅ የሚወረውር ጓደኛ ነበረው፤ እኛ «መብረቁ» እንለዋለን። ስንት ጦርነት አብረው ተዋግተው፣ በዚያ እትም መብረቁ ለሥልጣን ሲል ጓደኛውን ለጠላት አሳልፎ ሰጠ። ይስማው ዘሎ ተነሣና ሥዕሉ ላይ እንትፍ አለ።

«አንተ! ወረቀት ነው እኮ!» አለ ቲቸር፣ በእጅጌው እየጠረገ።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሠዓሊው የመብረቁን ፊት አልለወጠውም። ያው ፈገግታ፣ ያው ዓይን። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩ።

«ምን ሊለውጥ ነበር?» አለ ቲቸር። «ያው ሰውዬ ነው እኮ።»

ግንቦት ላይ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። አዳራሹ በረጠበ ጋቢ ሽታ ታፍኗል። የሂስ ተራ ሲደርስ ይስማው ተነሣ፤ ከጃኬቱ ሥር ቀርከሃውን አወጣ። እኔ ሞኙ መጀመሪያ የመሰለኝ ለሕዝቡ ሊያስነብብ ነው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይህ ከአስተማሪያችን ቤት የተገኘ የኢምፔሪያሊስቶች መጽሔት ነው። ጓድ ጓዱን እንዲከዳ ያስተምራል!»

መጽሔቱ ከእጅ እጅ ዞረ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ይኸ ፊቱን የሸፈነው የየትኛው ቀበሌ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሳቀ። ይስማውም ሳቀ። ፊቱን መረመርኩት፤ የተለወጠ ነገር ፈለግኩ። የግራ ጉንጩ ስርጉድ እንኳ ያው ነበር።

ቲቸርን ሁለት ባለ ጠመንጃዎች አስነሡት። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ይስማው፣ እርጥበት እንዳይገባበት ክደነው» አለ። ክረምቱን ታስሮ ወጣ ሲሉ ሰማሁ፤ ወደ ማስተማር ግን አልተመለሰም፤ ኮሶበርንም ዳግመኛ አልረገጠም። ይስማው ወዲያው የወጣት ማኅበሩ ጸሐፊ ሆነ።

በስብሰባው ማግስት እንደ ወትሮው ቤታችን መጣ። እናቴ ስብሰባው ላይ አልነበረችም፤ ምንም አታውቅም። ድንቹን አቀረበች። ይስማው አንዱን አነሣ፣ ላጠ፣ በርበሬ አስነካ፣ ወደ አፌ ዘረጋ። አፌን ገጠምኩ።

«ምን ሆነሃል? የተዘረጋ እጅ ይመለሳል? ነውር አይደለም?» አለች እናቴ።

«ተዪው እትዬ፣ የባለቅኔ አፍም ትኩስ አይችልም» አለ ይስማው፣ እየሳቀ። እጁን ግን አልሰበሰበም።

በእናቴ ፊት ጉርሻ መመለስ አልቻልኩም። ጎረስኩ። ጣቶቹ ከንፈሬን ነኩኝ፤ ዋጥኩ፤ ከጓሮ ወጥቼ ዝናቡ ውስጥ አስመለስኩ። ያን ቀን የጻፍኳት ግጥም ከሁለት መስመር አላለፈችም፦

ጠላትስ ከሩቁ ፊቱ ይናገራል፤
ልጦ የሚያጎርሰውን ማንስ ይጠረጥራል?

ዛሬ ይስማው የተከበረ አስታራቂ ሽማግሌ ነው፤ በየሠርጉ ያጎርሳል ይሉኛል። ቂሜስ ከዕድሜዬ ጋር ለዝቧል። ከንፈሬን የነኩት ጣቶች ግን እስከ ዛሬ ይቀፉኛል። ቲቸርን አሳልፎ የሰጠ እጅ ሳይታጠብ ወደ አፌ የመጣ ይመስለኛል።

ከባጃጁ መናኸሪያው በር ላይ ወረድኩ። አንዲት ልጅ በሳፋ ቅቅል ድንች ትሸጣለች፤ እንፋሎቱ ይወጣል። አንድ አነሣሁ።

«ይሞቃል ጋሼ፣ ልላጥልዎት?»

«ተዪው ልጄ፣ ራሴ እልጠዋለሁ።»

ጣቴን አቃጠለኝ። ላጥኩት።