ሰኞ ማክሰኞ የሚዘለው ብስክሌተኛ

ወንጂ ውስጥ እግር የተፈጠረው ለፔዳል ነው። ጨው ለመግዛት፣ ለቅሶ ለመድረስ፣ ከጎረቤት ክብሪት ለመለመን እንኳ ሰው ብስክሌት ላይ ይወጣል። የጎረቤቴን የየምስራችን ልጅ ኤባን በእግሩ ሲሄድ ያየሁት ሕፃን ሳለ ነው ብል ብዙ ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ኤባ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነው። ሰውነት ከቀለለ ብስክሌት ይፈጥናል ብሎ ስለሚያምን ምሳውን ግማሽ ይተዋል። ወተት ያከብዳል፣ ሥጋ ያከብዳል፤ ባለፈው ፋሲካ የእናቱ ዶሮ ወጥም አከበደው። ጭኑን ያየ ሰው ግን ከብረት የተሠራ ነው ይላል። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

አምና በአዳማ መንገድ ላይ ለአንዲት አህያ ቅድሚያ ሰጥቶ ቀስ ብሎ ጋደም አለ። መውደቅ እንኳ አይባልም። የግራ ትከሻው አጥንት ተሰበረ። ዘንድሮ ደግሞ ቆሞ ሲያወራ ከነብስክሌቱ ተንጋደደና የእጁ አንጓ ተሰበረ።

"የውሃው ነው!" አለች የምስራች። የወንጂ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት እዚህ ያደግን ሰዎች ጥርሳችን ቡናማ ነው፤ ጉልበት ሲያመን ውሃው፣ ወገብ ሲይዘን ውሃው ነው። አንዳንዴም እውነት ነው።

አዳማ ያለችው ዶክተር ሑስና ግን የአጥንቱን ጥግግት እንዲለካ አዲስ አበባ ላከችው። ውጤቱን ስታይ መነጽሯን አወለቀች።

"በእግርህ ትሄዳለህ?"

"ብስክሌት አለኝ።"

"ዕቃ ትሸከማለህ? ትዘላለህ?"

"ብስክሌት አለኝ አልኩዎት እኮ፣ ዶክተር።"

"እሱ ነዋ ችግሩ! ክብደትህን የሚሸከምልህ ብስክሌቱ ነው። አጥንት ሸክም ካልቀመሰ ይሰንፋል። ደግሞ አትበላም፤ ከምን ይሠራ? እንደ ጎተራ አስበው። እስከ ሠላሳ ዓመትህ ገደማ ትሞላዋለህ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መጠበቅ ነው። አንተ ሳትሞላ እያጎደልክ ነው።"

"ውሃውስ?" አለች የምስራች ተስፋ ሳትቆርጥ።

"የውሃው ነገር ለብቻው ይታያል። ልጁ ይብላ፣ ወተቱን ይጠጣ፣ ይዝለል። እርስዎም አጥንት መሳሳት ወደሚጀምርበት ዕድሜ እየተጠጉ ነው፤ ይንቀሳቀሱ።"

"እኔ መች ተሰበርኩ?"

ቤት እንደገቡ የምስራች ብስክሌቱን ከግቢው ዛፍ ጋር በሰንሰለት አሰረችው። ልብስ ሰፊ ናትና ከመዘምራን ልብስ በተረፈ ሐምራዊ ጨርቅ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

"እማ፣ ውድድሩ መስከረም ላይ ነው! ካልተለማመድኩ ከቡድኑ ያወጡኛል።"

"አጥንትህ ሥራ መጀመሩን በዓይኔ ካላየሁ ቁልፍ የለም።"

አጥንት እንደ ጎመን አይደለም፤ ቶሎ በቅሎ አይታይም። ኤባ አንጓው ከዳነ በኋላ ጓሮ ተደብቆ ብቻውን ይዘል ጀመር። ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ሸሹ። የጎረቤት ልጅ ሶፊ ገና ሦስተኛ ክፍል ናት፤ በአጥሩ ቀዳዳ አየችው።

"ምንድን ነው እንደ ተቃጠለ ሰው? ና፣ ኮቱ! በደንብ ላስተምርህ።"

እነኤባ ግቢ ገብታ ከዛፉ አጠገብ መሬት ላይ ሰኞ ማክሰኞ ሠርታ በአንድ እግሩ አስዘለለችው። ከረቡዕ አላለፈም።

"ረገጥክ! ይሄ ነው ሻምፒዮን?"

ሰፈሩ ሳቀ፤ እኔም አጥር ጥግ ሆኜ ሳቅሁ። እሱ ግን በማግስቱም መጣ። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ አለፈ። ወተቱን እያጉረመረመ ጠጣ። ቅዳሜ ላይ ደረሰ። የምስራች ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና እያለች ታያለች፤ ቁልፉ ግን ካንገቷ አልወረደም።

አንድ ቀን ከሰዓት ኤባ፣ "እማ፣ ዶክተሯ ላንቺም ነግራሻለች እኮ" አላት።

"ይሄ የሕፃን ጨዋታ?"

"ፈርተሽ ነው" አለች ሶፊ።

በዚህ ተነሳች። ቀሚሷን ሰብስባ ሰኞን ዘለለች። ቁልፉ ተስፈንጥሮ አገጯን መታት። ማክሰኞ ላይ ጥርሷን። "ኤጭ!" ብላ ቁልፉን አወለቀችና ለኤባ ወረወረችለት። "ያዝልኝ!"

ብስክሌቱ ከጀርባው ነው፤ በሩ ክፍት ነው። ኤባ ቁልፉን አየ፣ ብስክሌቱን አየ። የምስራች እየተንገዳገደች ሐሙስ ላይ ደርሳለች።

"እትዬ፣ መስመር ረግጠሻል!" አለች ሶፊ።

የምስራች እያለከለከች እጇን ዘረጋች። ኤባ ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

"ለምን ይዘኸው አልበረርክም?"

"ተራዬ ነዋ" አለና ድንጋዩን ወረወረ።

የምስራች ቁልፉን ወደ አንገቷ አልመለሰችውም። ሄዳ የብስክሌቱ እጀታ ላይ አንጠለጠለችው።

"መስከረም ትወዳደራለህ። ወፍጮ ቤት ግን በእግርህ ነው የምትሄደው፤ ዱቄቱንም ተሸክመህ ትመጣለህ።" ትንሽ አሰበችና ጨመረች። "ባልተሰበረው ትከሻ።"