ተዝካሬ ወደ ተበላበት ቤት

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደሴ

ጦሳ ተራራ ራሱን በጉም ተከናንቧል። የጨው መኪናው ሞተር ሦስት ጊዜ አስሎ በአራተኛው ተነሣ። ሾፌሩ ግርማ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ደግ ሰው ነው፤ የኮቱ ትከሻ ግን ለሌላ ሰው የተሰፋ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝና አንባቢ ይታገሠኝ፤ ሰው ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ስፌቱ ላይ ነው።

የምሄደው መካነ ሰላም፣ ቤቴ ነው። ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ጣሊያን ሲገባ ከአንድ የአገሬ ልጅ ጋር ወደ ሱዳን ተሰደድኩ፤ ከዚያ ዓለም ሁሉ እርስ በርሱ ተፋጀና መንገዱ ተዘጋ። ጦርነቱ እስኪያልቅ ካርቱም ላይ የወታደር ሸሚዝ ስሰፋ ኖርኩ። ባለቤቴን አስካለን ከሁለት ዓመት ልጃችን ከየሺ ጋር ትቻቸው ነው የወጣሁት። በነጋዴ እጅ ሦስት ደብዳቤ ልኬ ነበር። ለአንዱም መልስ አልመጣም።

በጉያዬ የያዝኩት ጥቅል የየሺ ቀሚስ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ልጄ ምን ያህል እንደረዘመች የሚነግረኝ ስላልነበረ፣ የካርቱም ጎረቤቴን ልጅ ለክቼ ሰፋሁት። ልቤ አላምን ቢለኝ ግርጌውን አንድ ስንዝር አጥፌ ተውኩት። ብትረዝም ይፈታል።

«ወፍራም ብትሆንስ?» አለኝ ግርማ።

«ጎኑንም ሰፋ አድርጌዋለሁ።»

«እንዲያማ ከሆነ ለእናቷም ይሆናል» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሰኞ፣ እኩለ ቀን፣ ጉጉፍቱ

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ በየሜዳው ብቻውን ቆሟል፤ ሰው ሁሉ የበግ ጠጉር ባና ተከናንቦ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የግርማ መኪና ወደ ወረኢሉ ቀጠለ። የእኔ መንገድ ወደ ምዕራብ ነው፤ እሱ ደግሞ ለእግርና ለበቅሎ እንጂ ለጎማ አልተሠራም።

ገበያው ዳር ሼህ ይማምን አገኘሁ። የወግዲ ሰው ናቸው፣ ቁርአን ያስቀራሉ። ከደሴ ሲመለሱ ሁለት በቅሎ ይዘዋል፤ አንዷ የሚያስተምሩበትን ኪታብ ተጭናለች። መካነ ሰላም መንገዳቸው ላይ ነው።

«በሁለተኛዋ እየተፈራረቅን እንቀመጣለን» አሉኝ። «አብሽር፣ መንገድ በጨዋታ ያልቃል።»

ማክሰኞ፣ ወደ አቀስታ

ሜዳው አያልቅም። ገብስ፣ በግ፣ ንፋስ፣ እንደገና ገብስ። ምሳችን በሶ ነበር፤ ሼሁ ማር ጨመሩበት። በልተን ስንነሣ እኔ በቅሎዋ ላይ ወጣሁ፣ እሳቸው ልጓሟን ያዙ።

«መካነ ሰላም የማን ቤተሰብ ነህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የአስካለ ባል ነኝ። ልብስ ሰፊው ይልማ።»

ሼሁ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ በቅሎዋም አብራ ቆመች።

«ልብስ ሰፊው ይልማማ ሙቷል» አሉ። «ወላሂ፣ ተዝካሩን በልቻለሁ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አብሮኝ የተሰደደው ሰው ቀድሞኝ አገር ገብቷል። ወደ ሱዳን ስንሻገር እኔ በረሃ ላይ በወባ ስቃትት ነበርና የተለየኝ፣ «በእጄ ላይ ሞተ» ብሎ ተናግሯል። ተለቀሰ፣ ተዝካሬም ወጣ። ሼሁ በዚያ ሲያልፉ ተጠርተው ገብተዋል።

«ለኛ ለእስላሞቹ ሙክቱ ለብቻ ታረደ፣ የማያሰክረው ቀሪቦም ለብቻ ተጠመቀ። ባለቤትህ አላሳፈረችህም» አሉኝ፤ ሊያጽናኑኝ መሆኑ ነው።

ስለ ድግሱ ማማር ሲነግሩኝ አመሰገንኩ። ምን ይባላል? ከዚያ ግን ከበቅሎዋ ወርጄ ጠየቅኋቸው።

«ባለቤቴ... አግብታ ይሆን?»

«ተዝካሩ ከወጣ ሁለት ዓመት አለፈው። የኔ ቤት ወግዲ ነው ልጄ፣ ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም። አላህ ያውቃል።»

ረቡዕ፣ አቀስታ

ቀኑን ለበቅሎዎቹ ዕረፍት አደረግንላቸው። ለእኔ ግን ዕረፍት አልነበረም። ባሏ የሞተባት ሴት ብታገባ ማን ይፈርድባታል? የሰው ትዳር አፍርሼ ልግባ? ልጄ ሌላ ሰው «አባዬ» ብላ ከሆነስ? አንዴ ተነሥቼ ጥቅሌን ይዤ ወደ ደሴ መንገድ ተራመድኩ። ሼሁ ከኋላዬ ተጣሩ።

«ቀሚሱን ለማን ልታለብሰው ነው?»

ጥቅሌን አቅፌ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ቁልቁል ወደ ቦረና

ብርዱ ከኋላችን ቀረ። ጤፉ ገርጥቷል፤ የአገሬ የቦረና አፈር ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ! ሼሁ መንገድ ለመንገድ ዕቅድ አወጡ። ሬሳው ድንገት በር ቢያንኳኳ አስካለ በድንጋጤ ትወድቃለች፤ ስለዚህ ሽማግሌዎች ማልደው ሄደው በዘዴ ይንገሯት፣ እኔ ከጓሮ ልቆይ። ዕቅዱ ልክ እንደ ጥሩ ካፖርት እንከን የለሽ መሰለኝ። ከተማው ዳር ያለው የሼሁ ወዳጅ ቤት አደርን፤ ሽማግሌዎቹን በሌሊት ያሰባሰበው እሱ ነው።

ዓርብ፣ ንጋት፣ መካነ ሰላም

አራት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ቤቴ በር አመሩ። ከመካከላቸው የንስሐ አባቴ አሉ፤ የለበሱት የእኔን በርኖስ ነው። ለነፍሴ ተብሎ የተሰጣቸው ነው። የገዛ በርኖሴ ቀድሞኝ ወደ ቤቴ ሲገባ ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ ሆኜ አየሁት።

ስሕተታችን ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በአገራችን በማለዳ ተከናንበው በቡድን የሚመጡ ሽማግሌዎች ሌላ ምን ይዘው መጥተው ያውቃሉ? መርዶ እንጂ!

አስካለ በሩን ከፈተች። አየቻቸውና ደረቷን መታች።

«ወንድሜን! ወንድሜን ነው የምትነግሩኝ!»

ጎረቤት እየጮኸ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረሱ። ሼህ ይማም እጃቸውን እያወናጨፉ «ኧረ ስሙን!» ቢሉ ማን ይስማቸው? አንዲት አልቃሽ ጭራሽ ግጥም ጀመረች። በመጨረሻ ሼሁ ድንጋይ ላይ ወጥተው ጮኹ፦

«የሞተ የለም! የሞተው ነው የመጣው!»

የአልቃሿ ግጥም ከመካከል ተቋረጠ። እኔም አጥሩን ዞሬ ወጣሁ፤ እሾህ ሱሪዬን ቀደደው። አስካለ ወደ እኔ መጣች፤ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ አገላብጣ አየችኝ፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ ተደፋች። ዘጠኝ ዓመት ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

ትንሽ ስንረጋጋ፣ «አግብተሽ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር» አልኳት።

«በተዝካርህ ጓዳዬን ጨርሼ ሰርጉን በምን ልደግስ?» አለች። የንስሐ አባቴ በሳቅ ተንፈራፈሩ፤ ከዚያ እንደ ማፈር ብለው በርኖሱን ሊያወልቁ ሲሉ ያዝኳቸው። «ይልበሱት አባ፣ ትከሻው ለእርስዎ ተስማምቷል» አልኳቸው። እውነቴን ነው።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

ጾም በመሆኑ ዶሮ አልታረደልኝም፤ ግን እንደ ዛሬው ሽሮ በልቼ አላውቅም። ሼህ ይማም ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሄደዋል።

የሺ ጠዋት እጄን ስማኝ ወደ ጓዳ ገባች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። አሁን ቀሚሱን ለብሳ በርጩማ ላይ ቆማለች፣ እኔ ከእግሯ ሥር ተንበርክኬ የግርጌውን ክር እፈታለሁ። ግማሽ ስንዝር ፈታሁ፣ አልበቃም። ስንዝሩን በሙሉ ፈታሁ፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ደረሰ። ከዚያ በላይ አንዲት ጣት ጨርቅ አልነበረኝም።

«እኔ ያን ቀን አላለቀስኩም» አለች ድንገት።

«መቼ?»

«የለቅሶዎ ቀን። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔን እንባ እምቢ አለኝ። አክስቴ ቆነጠጠችኝ። እኔ እኮ አላውቅዎትም።»

«ደግ አደረግሽ» አልኳት መርፌዬን እየሰካሁ። «ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያልተሳሳትሽው አንቺ ነበርሽ።»

ክሩን ስስብ አንድ ጠብታ እጄ ላይ ወደቀ። ቀና አልኩ፤ ፊቷን በእጅጌዋ ሸፍና ታለቅሳለች።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ መርፌው ይወጋሻል» አልኳት።

እጇን አውርዳ ትከሻዬን ተደገፈች።

«እሺ፣ አባዬ።»