ፈረንጁ «እኔ» ብሎ ሲጽፍ

ሰው በቤት ይቀናል፣ በመኪና ይቀናል፣ በትዳር ይቀናል። እኔ የቀናሁት በአንዲት ቃል ነው። በደርግ ዘመን ከናዝሬት ወጣ ብሎ በሚገኝ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ጀማሪ ተመራማሪ ሆኜ ስሠራ፣ ቢሮ የምጋራው ከአንድ እንግሊዛዊ ጋር ነበር። ዕድሜው ከእኔ እምብዛም አይበልጥም። እሱ ሽንኩርት ያጠናል፣ እኔ ቦሎቄ። እሁድ እሁድ ላንጋኖ ዋኝቶ ሰኞ አፍንጫው ተልጦ ይመጣል፤ በዚያ እንኳ አልቀናሁም። የቀናሁት ጥናቱን ሲጽፍ ገና ከመጀመሪያው መስመር ያለ አንዳች ሀፍረት «እኔ» ብሎ ስለሚጀምር ነው። እኔ ተከልኩ፣ እኔ ለካሁ፣ እኔ እንደሚመስለኝ። በእኛ ቋንቋ «እኔ» ግሱ ጫፍ ላይ ተለጥፎ ሹልክ ብሎ ያልፋል፤ በእነሱ ግን በትልቅ ፊደል ብቻውን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ባየሁት ቁጥር ድብን እል ነበር።

ደግሞ «ተከልኩ» ይላል እንጂ ችግኙን አፈር ያለበሱት የቀን ሠራተኞች ናቸው። እሱ ባርኔጣውን ደፍቶ ዳር ቆሞ ያያል። እኔ ግን ወለንጪቲ ድረስ በጭነት መኪና አቧራ ስቅም ሄጄ፣ ጎንበስ ብዬ በጣቴ እዘራለሁ። ከማሳዬ አጠገብ የሚያርሱት ሽማግሌ በመጣሁ ቁጥር «አካም ጅርታ፣ ልጄ! ዛሬም ብቻሽን ነሽ?» ይሉኛል። ብቻዬን ነኝ። ቢሮ ተመልሼ የምጽፈው ግን «ዘራን» ብዬ ነው።

ማንም አላስገደደኝም ብል ውሸት ነው። ትምህርት ቤት ሳለን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን «ምሁር ራሱን አይጠራም» ብለው አስጠንቅቀውናል። በየሳምንቱ በምንሰበሰብበት የውይይት ክበብ ደግሞ «እኔ» ያበዛ ሰው በግለኝነት ይገመገማል። ከሁሉ በላይ ግን ጣቢያችን አንድ ልማድ ነበረው፤ ማንም ይሥራው ማን፣ ጥናቱ ላይ መጀመሪያ የሚሰፍረው የክፍል ኃላፊው ስም ነው። ኃላፊያችን ማሳዬን በመኪና መስኮት እንኳ አይተውት ያውቁ እንደሆነ እንጃ። እኔ «እኛ» ብዬ ስጽፍ መጀመሪያ እሳቸው፣ ቀጥሎ እኔ ማለት ነው። ይህ ልማድ በማይነካው በፈረንጁ «እኔ» ውስጥ ግን ለማንም አለቃ የሚሆን ቦታ የለም። ያንገበገበኝ ይኸው ነው።

አንድ ዓመት ናይሮቢ ለሚደረግ ስብሰባ ከክፍላችን አንድ ጥናት እንደሚላክ ተነገረን። የሚሄደው ስሙ መጀመሪያ ላይ ያለው ሰው ነው። የውጭ ዜጋ አይወዳደርም ስለተባለ ፈረንጁ ከጨዋታው ውጪ ነበር። በዚያ ዘመን አገር ለቆ መውጣት ለእኔ ቢጤ የሚታሰብ አልነበረም፤ ስለዚህ ናይሮቢን ፈለግኩ፣ አልዋሽም። ከናይሮቢም በላይ ደግሞ የማላውቀው ሰው ከወንበሩ ተነስቶ «ይህን የሠራሽው አንቺ ነሽ?» እንዲለኝ ፈለግኩ።

እንግሊዝኛዬን እንዲያቃናልኝ ረቂቁን ለፈረንጁ ሰጠሁት።

«እነዚህ ‹እኛ› የምትያቸው እነማን ናቸው?» አለኝ በቋንቋው።

«እኔና ኃላፊው።»

«ማሳው ላይ ያየሁት አንቺን ብቻ ነው» አለና «እኛ»ውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዘ «እኔ» አደረገው። ለእሱ ነጠላ ሰረዝ የመጨመር ያህል ቀላል ነበር።

ወረቀቱን ቤት ወስጄ ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ዘራሁ። ፊቴ ጋለ። አፈርኩ፣ ደስም አለኝ፣ ሰው እያየኝ እንደሆነም መሰለኝ። በነጋታው እንዳለ ታይፕ አስደረግኩት። ከርዕሱ ሥር የእኔን ስም ብቻ አስጻፍኩና ኃላፊውን መጨረሻ ላይ ከሚመሰገኑት ጋር ደባለቅኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው አስጠሩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ይሄ ‹እኔ› የሚለው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ኃላፊ።»

«መሬቱ የማነው?»

«የመንግሥት ነው።»

«ዘሩስ? መኪናውስ? ነዳጁስ?»

«የመንግሥት።»

«ታዲያ አንቺ በየት በኩል ገባሽ?»

ዝም ብል ምን ነበረበት! «ፈረንጁም እኮ ‹እኔ› ብሎ ነው የሚጽፈው» አልኳቸው።

ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት። «እሱማ ቋንቋው ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «አንቺ ስትይው ጥጋብ ይመስልብሻል።»

ወጥቼ እንደገና ታይፕ አስደረግኩት። «እኛ» ወደየቦታው ተመለሰ፣ የእሳቸውም ስም ወደ ላይ ወጣ።

ጥቂት ቆይቶ ፈረንጁ የሽንኩርቱን ጥናት በጣቢያው ስብሰባ ላይ አቀረበ። አልሆነለትም፤ አብዛኛው ሽንኩርት ራስ ሳይቋጥር አብቦ ቀርቷል። እሱ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ስህተቱ የእኔ ነው፣ የመትከያ ጊዜውን አልጠበቅኩም» አለ። አዳራሹ አጨበጨበለት። ኃላፊያችንም «ሳይንስ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ። ያኔ ባሰብኝ። የሰው ስህተት ያስቀናል? እኔን አስቀናኝ። የእኔ ቦሎቄ ሲያምር «ቦሎቄያችን» ነው፤ ዝናብ አጥሮ አንዱ ማሳ የደረቀ ጊዜ ግን እኚሁ ሰው «ያንቺ ማሳ» እያሉ በግምገማ ፊት አቁመውኛል። በስህተቱም የሚጨበጨብለት ሰው አጠገብ መቀመጥ ከባድ ነው።

የቦሎቄው ጥናት ተመረጠ። ኃላፊው ናይሮቢ ሄደው ተመለሱና ሰብስበውን «ጥናታችን ተመሰገነ» ብለው አበሰሩን። ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ፈረንጁ አላጨበጨበም። ቢሮ ስንገባ ፊቱ ቲማቲም መስሎ በሩን ዘጋው።

«ለምን ዝም አልሽ? እኔ ብሆን ተነስቼ ‹የእኔ ነው› እላቸው ነበር!»

እውነቱን ነው፣ ይል ነበር። በቁጣው እንኳ ቀናሁበት። ለእኔ ብሎ ሲቆጣም የሚጀምረው «እኔ» ብሎ ነው።

«ለስብሰባው አዘጋጆች እጽፋለሁ» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሥራው የማነው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ጣቴ ያውቀዋል፣ ወገቤ ያውቀዋል። በሩ ተዘግቷል፤ ከእሱ በቀር የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

«የእኛ ነው» አልኩት።