ይጫወቱ እንጂ!

ዳላስ አጠገብ ሮውሌት በምትባለው ከተማችን ያሉት ጎረቤታችን እንግሊዛዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ለንደን መድረክ ላይ ንጉሥ ሆነው ሲተውኑ የኖሩ አንጋፋ ተዋናይ። ባለፈው እሁድ ምሳ ጋበዝናቸው። በልተው ዝም ሲሉ እናቴን ቅር አላትና፣ «ምነው ዝም አሉ? ይጫወቱ እንጂ!» አለቻቸው።

የኔ አማርኛ እዚሁ ዳላስ ነው ያደገው። መጫወት ማለት ማውራትም እንደሆነ ማን ነግሮኝ! ሶ፣ «እስቲ ይተውኑልን እያለች ነው» ብዬ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩላቸው።

ዓይናቸው በራ። የሶፋውን ብርድ ልብስ እንደ ካባ ደርበው ፎከሩ፣ አለቀሱ፣ በመጨረሻም ራሳቸውን በሹካ ወግተው ምንጣፋችን ላይ ሞቱ። እናቴ ሦስቴ አማተበች።

ተነስተው ላባቸውን ጠረጉና ተቀመጡ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ተመስገን ስል እናቴን ጸጥታው አስጨነቃት።

«ኧረ ይጫወቱ እንጂ!» አለቻቸው።

አሁን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ብርድ ልብሱን አነሱ።