ከአሊዩ አምባ ገበያ በላይ የተሰጠ ትእዛዝ

በ1933 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ በገበያ ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አንድ የእንግሊዝ ሻምበል ከአንኮበር በታች ካለው አፋፍ ቆሞ በአሊዩ አምባ ገበያተኛ ላይ ትእዛዝ ሰጠ። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ነው።

ሥራዬ የሻምበሉን እንግሊዝኛ ለሱዳን ወታደሮቹ በዓረብኛ ማድረስ ነበር። ሁለቱንም ቋንቋ የለመድኩት አባቴ ቆዳ በሚነግድባት በዓደን ነው።

ካርቱም የተማረው ዋናው አስተርጓሚ በዋዜማው መክሮኝ ነበር። «ፈረንጅን አትጠይቅ። ቃሉ ካሻማህ ከበድ ያለውን ምረጥ። ለዘብ ያለውን የመረጠ ሰላይ ይባላል።» ይህን የሚናገረው እንደ ትልቅ ጥበብ ነው። እሱ በመረጠው ቃል ማን እንደሞተ ጠይቆ አያውቅም።

ሻምበሉ በመነጽር ቁልቁል አየ። ገበያው ጠመንጃ ባነገቱ ሰዎች ተሞልቷል። ጣሊያን ደብረ ብርሃንን ገና መልቀቁ ነው፤ የሸሹ ባንዶች በቆላው አሉ ይባላል። ለሻምበሉ ይህ በቂ ነበር፤ ትእዛዙን ሰጠ።

በጣሊያን ጊዜ ጠመንጃ የተገኘበት ይሰቀል ነበር። የአገሬው ሰው መሣሪያውን ጭድ ውስጥ ሸሽጎ ከረመ። ጣሊያን ሄደ ሲባል ሁሉም አውጥቶ፣ ወልውሎ፣ ገበያ ወጣበት። ጥይት የሌለው እንኳ አንግቶ በርበሬ ይሸምት ነበር።

«ጌታዬ፣ ገበያተኛ ነው» አልኩት።

«አስተያየትህን አልጠየቅኩህም። ተርጉም!»

ትእዛዙ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ነው፤ ከጥቅም ውጭ አድርጓቸው እንደ ማለት። መግደልም ይሆናል፣ ትጥቅ ማስፈታትም፣ ከብቦ መያዝም። መትረየሱ ተጠምዷል። ቃሉን ሳላከብድም ሳላቀልም፣ እንደደበዘዘ አስተላለፍኩት።

የሱዳኖቹ አሥር አለቃ ኢድሪስ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ይህ ትእዛዝ ነው ወይስ ዱዓ? እንተኩስ ወይ?»

ጥያቄውን ወታደሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ለሻምበሉ በእንግሊዝኛ አቀረብኩለት።

ፊቱ ቀላ። «ያልኩትን ሰምተሃል!»

«ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ። ‹ተኩሱ› ካሉኝ ያንኑ እላለሁ። ግን እርስዎ ይበሉት።»

መነጽሩን እንደገና ወደ ገበያው አነሳ። ሰው ሊያስገድል የተዘጋጀ ሰው «ግደሉ» ለማለት ሲያፍር ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ሹም ላይ አይቼዋለሁ። የደበዘዘ ቃል የሚመረጠው ቋንቋ ጠቦ አይደለም። ነገሩ ሲበላሽ በአስተርጓሚው እንዲሳበብ ነው።

በመጨረሻ «ውረዱና እነማን እንደሆኑ እዩ» አለ። ይህን ለመተርጎም አልተቸገርኩም።

ከኢድሪስ ጋር ወረድኩ። አንድ ማር ሻጭ ሽማግሌ ገና ሲያየን ጠመንጃውን ለኢድሪስ አቀበለው። «እስቲ ያዝልኝ ልጄ፣ ይህችን እስክመዝን።» ተረጎምኩለት። ኢድሪስ ሁለት ጠመንጃ ይዞ ቆመ።

ለወጣት አስተርጓሚዎች የምለው ይህን ብቻ ነው፦ አዛዡ ያልተናገረውን ቃል አትናገሩለት።

ከቀትር በኋላ ሻምበሉ ራሱ ወርዶ ከሽማግሌው ማር ገዛ።