ጋሼ ይማም የተሸለሙ ቀን

መካነ ሰላም ከሚገኘው የብረታ ብረት ማኅበር የገባሁት ከዓረብ አገር በተመለስኩ በዓመቱ ነው። ጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጁ የሚባልበት ዘመን ነበር። ቀበሌ ሄጄ ልብስ ስፌት ጠየቅሁ። ስፌቱ ሞልቷል አሉኝ፤ ብረት ቤቱ ግን ሰው ይፈልጋል ተባለ።

የሥራው ኃላፊ ጋሼ ይማም ይባላሉ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ሰው ቤት።»

«ብረት ይከብዳል።»

«ሰው ቤትም ይከብዳል ጋሼ።»

የብየዳ ጭንብል አንስተው አቀበሉኝና «እሳቱን በባዶ ዓይንሽ አትይው። የዛሬው ትምህርት ይኸው ነው» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ላሜራ ስይዝላቸው ዋልኩ። አንድ ጊዜ ሰርቄ ስላየሁ ማታ ዓይኔ አሸዋ እንደገባበት ያቃጥለኝ ጀመር። ጠዋት ገና ሲያዩኝ አወቁ። «አየሽ አይደል?» አሉኝ።

መጀመሪያ በርና መስኮት፣ የተማሪ ወንበር እንሠራ ነበር። እኔ ብረትን ከብረት በብየዳ ነጥብ ማያያዝ ተማርኩ፤ ቀጥሎ ሙሉ መስመር መበየድ ተማርኩ። ጋሼ ይማም የበየድኩትን አንስተው መሬት ላይ ይጥሉታል። ከተላቀቀ እንደገና እጀምራለሁ።

ስማቸውን ያስጠራው የስንዴና የገብስ መውቂያው ነው። አሮጌ የውኃ መሳቢያ ሞተር አግኝተው፣ ከበሮውን በላሜራ ጠቅልለው፣ ጥርሱን ከፌሮ ቆርጠው ሠሩት። የመጀመሪያው እህሉን ይፈልጠው ነበር። አፍርሰው ጥርሱን አሳጠሩ፤ በሁለተኛው መኸር ደጎሎ ሜዳ ላይ ቆመን ስንዴው ሙሉ ፍሬ ሆኖ ሲወርድ አየን። ከዚያ በኋላ ከጃማም ከወግዲም ገበሬው እየመጣ ያዝዝ ጀመር።

ስለ ራሳቸው ብዙ አይናገሩም። አባትና እናቴ በሰባ ሰባቱ ድርቅ አለቁ፣ ሙያውን ደሴ ጋራዥ ተማርኩ ይላሉ። ሚስታቸው ሞታለች። ሀያት የምትባል ልጃቸው መምህርነት ጨርሳ፣ የእህል ነጋዴው የሐጂ ሙሳ ልጅ ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ፣ እሺ ተብሎ ነበር።

በዚያ ሰሞን ነው በአምራች ኢንዱስትሪ በግላቸው የላቀ አስተዋፅኦ ያደረጉ ሰዎች ይሸለማሉ፣ ጋሼ ይማምም ተመርጠዋል የተባለው። ካሜራ የያዙ ልጆች መጥተው ማሽኑን፣ እኛንም ቀረጹ። ገበሬዎቹን ደግሞ ወግዲ ሄደን እናነጋግራለን ብለው ሄዱ። ጋሼ ይማም ወግዲ ሲባል ቀና ብለው አዩዋቸው፤ ሥራ የበዛባቸው መስሎኝ አለፍኩት።

ለሽልማቱ ደሴ የሄድነው እኔ፣ ሀያትና ሐጂ ሙሳ ሆነን፣ ከጋሼ ይማም ጋር ነው። ሐጂ ከጋሼ ይማም ጎን ተቀምጠው ላገኙት ሰው ሁሉ «ተሸላሚው የኛ ነው» ይሉ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። የጋሼ ይማም ስም ተጠራና፣ ወደ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት አጭር ፊልም እናያለን ተባለ።

ግድግዳው ላይ ማሽኑ መጣ፤ ገበሬዎች አመሰገኑ። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት ታዩ። ከአጠገባቸው የከሰል ምድጃና የቆዳ ወናፍ አለ፤ ዙሪያውን ያልተተኮሰ ማሰሮ ተደርድሯል። «ይማም ልጄ ነው» አሉ። «አባቱ ቀጥቃጭ ነበር፣ አያቱም ቀጥቃጭ። እሳቱን እዚችው ነው የለመደ። አላህ ያሳደገውን እዩት እንግዲህ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። የከተማ ሰው ነው፤ ለነሱ ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔ ግን አላጨበጨብኩም። በኛ አገር ቀጥቃጭ ማለት ማረሻውን ገዝተህ ማዕዱን የማትቀርበው፣ ዓይኑን የምትፈራው፣ ልጁን የማታገባው ሰው ማለት ነው። ሀያት ክንዴን ይዛኝ ነበር፤ ጥፍሯ ሲገባ ይሰማኛል። ሐጂ ሙሳ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡና በጎን በር ወጡ።

ጋሼ ይማም ወደ መድረኩ ወጡ። ዋንጫውን ተቀበሉ። አስተዋዋቂው እየሳቀ ድምፅ ማጉያውን ሲሰጣቸው «ያያችኋት እናቴ ናት። ሞታለች እል የነበርኩት እኔ ነኝ። አለች፤ አልሃምዱሊላህ» ብለው ወረዱ።

ያለ ሐጂ ሙሳ ስንመለስ፣ መኪናው ውስጥ ሀያት ጠየቀች።

«አባ፣ በሕይወት እያለች ለምን ሞታለች አልክ?»

«ራሷ ናት ያዘዘችኝ» አሉ። «ከድርቁ በኋላ አገሩ ሁሉ ሰው ሞቶበት ነበር። ‹ሂድና ወላጆቼ አልቀዋል በል፤ ማንም አይጠራጠርህም፤ ልጅ ስትወልድ የሚያገባልህ ታገኛለህ› አለችኝ።»

«አይተሃት አታውቅም?»

«ወግዲ ገበያ እሄዳለሁ። ማሰሮዋን አነሳለሁ፣ ዋጋ እጠይቃታለሁ። ትጨምርብኛለች፣ እቀንስባታለሁ። ስንከራከር ጠግቤ አያታለሁ።»



በሳምንቱ ሽማግሌዎች መጥተው «ነገሩ ለጊዜው ይቆይ» አሉ። ይቆይ ሲሉ ቀረ ማለታቸው ነው። ሙሽራው ራሱ ብቅ አላለም። ከማኅበራችን አባላት ሁለቱ ምሳቸውን ለብቻቸው መብላት ጀመሩ። የማሽን ትዕዛዝ ግን አልቀነሰም። ገበሬው መውቂያውን ይጭናል፤ ጋሼ ይማም ምሳ ቅመሱ ሲሉት ይቸኩላል። እኔን በጣም ያስደነገጠኝ ይኼ ነው።

እናቴም «ከዚያ ቤት ውጪ» አለችኝ።

«እማ፣ የበላነው ገብስ በሳቸው ማሽን የተወቃ ነው።»

«እሱ ሌላ ነው» አለች። እኔም ሥራዬን አልተውኩም።

ብዙ ሳይቆይ ጋሼ ይማም እናታቸውን እማማ ፋጤን ከወግዲ ሊያመጡ ተነሡ፤ ሀያትና እኔ አብረናቸው ሄድን። እማማ ፋጤ ሀያትን ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው አይተው አይተው አልጠገቧትም። እኔ ግን ሳልጠይቅ መመለስ አልቻልኩም።

«እማማ፣ ያን ሁሉ ዘመን ዝም ብለው ኖረው አሁን ለምን ተናገሩ?»

«ካሜራ የያዙት ልጆች ስለ ይማም ማሽን ሲጠይቁ ሰማኋቸው፤ መንግሥት ሊሸልመው ነው አሉኝ። የተሸለመ ሰው ምን ይሸሸጋል ብዬ ነው ልጄ። ያለፈ መሰለኝ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አጠፋሁ እንዴ ይማም?»

«አላጠፋሽም» አሉ ጋሼ ይማም። «ዕቃሽን አምጪ፤ መኪናው ይሄዳል።»

እማማ ፋጤ እስኪሞቱ ድረስ መካነ ሰላም ከልጃቸው ጋር ኖሩ። ቀብራቸው ላይ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር፤ ለብቻቸው ይበሉ ከነበሩት አንዱ ግን መጥቶ አፈር አለበሰ። ሀያት አጅባር ተመድባ እዚያው አገባች። ሽማግሌ ሲመጣባት፣ አባቷ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ የአያቷን ሙያ ራሷ ነገረቻቸው። አንደኞቹ ተመለሱ፤ ሁለተኞቹ ተቀመጡ።

አሁን እኔ የብየዳ አሠልጣኝ ነኝ። ለሽልማት ሰው ጠቁሙ ሲሉኝ እጠቁማለሁ፤ ሥራ መታወቅ አለበት። ለሚሸልሙት ግን የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ስለ ሰውየው ምን እንደምትናገሩ አስቀድማችሁ ራሱን ጠይቁት።