እስከ ሠርጉ እከሳለሁ

ጸጋ ፌስቡክ ላይ ወገብ የላትም። ከትከሻዋ በታች የሚያሳይ ፎቶ ለጥፋ አታውቅም፤ ከትከሻ በላይ ያለውንም የምትለጥፈው ሃያ ጊዜ ተነስታ ነው። ጓደኛዋ ሳምራ ግን ጉድ ናት! አፏን በበርገር ሞልታ ሁሉ ትለጥፋለች። ጸጋ አብራ ካለችበት ሮጣ ታጓን ታጠፋለች። ሰው ሁሉ ወገቧን ብቻ የሚያይ ይመስላታል።

በ2008 ዓ.ም. ሳምራ ልታገባ ሆነ፤ ጸጋም ከስድስቱ ሚዜዎች አንዷ። የሙሽራዋንም የሚዜዎቹንም ቀሚስ የሚሰፉት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሚልኬሳ ናቸው። ጸጋ ከተለካች በኋላ ብቻዋን ተመልሳ፣ "ጋሼ፣ ወገቡን አራት ሴንቲ ያጥብቡልኝ፤ እስከ ሠርጉ እከሳለሁ" አለቻቸው።

"እሺ ልጄ" አሉ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሽቅብ ትሮጣለች። መሮጡንስ ሮጠች፤ ችግሩ መውረዱ ላይ ነው። የእንጦጦ አየር የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ ቁልቁል ስትመጣ አንድ ትኩስ ፓስቲ፣ ኧረ ሁለት!

የሠርጉ ዕለት ጠዋት በሙሽራዋ ቤት ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ትንፋሿን ዋጠች፤ እምቢ። ሳምራ ጎተተችላት፤ እምቢ! ፎቶ አንሺው ደርሷል። ጸጋ ቀሚሱን አውልቃ ጣለችና፣ "ሌላ ሚዜ ፈልጊ፣ እኔ አልወጣም!" ብላ እዬዬዋን አቀለጠችው።

ሳምራ ደወለች። ጋሽ ሚልኬሳ መቀስና መርፌ ይዘው አራት ፎቅ ወጥተው ከተፍ አሉ። ቀሚሱን ገርበብ ባለው በር ተቀብለው ሳቃቸውን ለቀቁት።

"ይሄ ያስለቅሳል እንዴ? ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ትቼበታለሁ። ሃያ ዓመት ስሰፋ 'እከሳለሁ' ያላለችኝ ሚዜ የለችም። ስድስታችሁም በየተራ ተመልሳችሁ መጥታችሁ የለ?"

"ስድስታችንም?" አለች ጸጋ፣ እንባዋን እየጠረገች።

"ሙሽራዋማ ሁለት ጊዜ መጣች!"

ሁሉም ወደ ሳምራ ዞሩ። ያቺ ምንም የማታፍረው ሳምራ ቬሏን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች።

"ስድስት ሴንቲ ነው ያልኳቸው" አለች ከቬሉ ሥር። "ምን ላድርግ? የበርገሩን ፎቶም የምለጥፈው እኮ፣ ሰው ሳይስቅብኝ ራሴ ልቅደም ብዬ ነው።" ከዚያ የራሷን ቀሚስ አውልቃ በበሩ አሾልካ፣ "ጋሼ፣ የኔንም ይተርትሩልኝ!" አለች። ሚዜዎቹ በሳቅ ፈርሰው አልጋው ላይ ወደቁ።

በማግስቱ የሠርጉ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ጸጋ ድዷ እስኪታይ ስቃለች፤ ወገቧም እንዳለ አለ። ጣቷ እንደ ልማዱ ታጉን ሊያጠፋ ሄደ። ፎቶው ላይ አጠገቧ ሳምራ ዓይኗ እስኪጠፋ ትስቃለች፤ እሷም ወገቧ እንዳለ ነው። አይ፣ ይህችን ልጅ እዚያ ብቻዋን ጥላት ልትወጣ ነው እንዴ? ታጉን ተወችው።